ባና የለበሰችው ሴት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለልጇ የዱቄት ወተት ስታፈላ ስልክ ይዟት ከድስቱ ሥር አረረባት። የዱቄት ወተት ሲያር ሽታው ከላም ወተት ይለያል፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከጣፋጩ ኋላ ግን የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ነገር ይከተላል። መስኮት ክፈቱ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ልጄ ጭሱ ያሳለኝ መስሏት ውሃ ይዛልኝ መጣች፤ እኔ ግን እዚያ በረንዳ ላይ አልነበርኩም። ደብረ ታቦር፣ ከከተማው ዳር ከነበረው የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የእርዳታ የዱቄት ወተት ከሚፈላበት ወጥ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የሁለተኛው ክፍል ሞግዚት ነበርኩ።

ዘመኑን የኖረበት ያውቀዋል። ወንዱ ሁሉ ካኪ፣ ዘነጠ የተባለው ቴትሮን ሱሪ፣ ሴቱ ናይለን ሻርፕ፣ እግር ሁሉ ኮንጎ ጫማ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በተራ ነው፤ ተራ ሲደርስ ስኳሩ ያልቃል፣ ስኳሩ ሲኖር ደግሞ ሚዛን ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። ዶሮ ሦስት ብር ገባች ተብሎ ሰው ጉድ ያለው ያኔ ነው። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም የሰልፍ ዘፈን ያሰማል፣ እኛም ቃሉን ሳንሰማ በዜማው ልብስ እናጥባለን። ከወረታ አቀበቱን እያቃሰተ የሚወጣው የእህል መኪና ከልብስ ሰፊዎቹ ጥግ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ የሰፈር ልጅ ሁሉ የጋለውን ጎማ ሊዳስስ ይሮጣል። አሁን ያ ጥግ ባለ ፎቅ ሆቴል ሆኗል። ባለፈው ስሄድ ከፊቱ ቆሜ የልብስ ስፌት መኪናውን ድምፅ ፈለግሁ፤ የሚሰማው የባጃጅ ጩኸት ብቻ ነው። የኛ ጋወን የተሰፋውም እዚያ ነበር፤ ሰማያዊ፣ ከታጠበ በኋላ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚሰበሰብ፣ ኪሱ ግን ሰፊ።

ልጆቹ የመጡልን በዚያ በክፉው ጊዜ ከጋይንት በኩል ነበር። ዝናብ ቀርቶባቸው ቤት ዘግተው ወደ ታች፣ እህል አለ ወደተባለበት አገር ሲወርዱ ወላጆቻቸውን መንገድ ላይ ያጡ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቁ ነበሩ፣ የማያውቁም ነበሩ። ከማያውቁት አንዷን የርብ ወንዝ አካባቢ ገበሬ በበቅሎ አምጥቶ አስረከበን። ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከነልብሷ እርጥብ ሆና ነው ያገኘኋት አለን፤ ከእሷ በቀር ሰው አላየም። ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ለትልቅ ሰው አትናገርም። ተገኘች አልናት።

የአንደኛው ክፍል ሞግዚት እትዬ ብርነሽ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ፣ ረጅም፣ እጃቸው ትልልቅ፣ ድምፃቸው ወፍራም። የሚያሽሞነሙኑ ሰው አልነበሩም። አፍንጫ ሲጠርጉ ጠርገው ነው፣ ሲያጥቡም አጥበው ነው፤ ልጁ ቢያለቅስ እስኪጨርሱ አይለቁትም። ነገር ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ማንም ሳይጠይቃቸው እቤታቸው ሳይሄዱ የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሎች ተጥደው፣ ውሃ ሞቆ፣ ልጆቹን ሁሉ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ፤ እኛ ሌሎቻችን እናደርቃለን፣ እናለብሳለን።

ክረምቱ እንደገባ ነው የጀመረው። ከምሳ በኋላ የሁለቱንም ክፍል ልጆች ባንድ ቤት እናስተኛቸዋለን፤ እኔም በር ላይ ተቀምጬ ካልሲ እጠቅማለሁ። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ሲሰማ ከጥጉ አልጋ ሹክሹክታ መጣ። «ዝም በይ፣ ከእንግዲህ አይርብሽም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከሚቀጥለው አልጋ ሌላ ልጅ ያንኑ አለ። ቀጥሎ ሌላው። እንዲህ እያለ ቤቱን ዞረው። ቃሉ አይለወጥም፣ ድምፁም የልጅ ድምፅ አይመስልም፤ ቀስ ያለ፣ የደከመ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ካልሲውን አስቀምጬ በአልጋዎቹ መካከል አለፍኩ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሲያልፉባቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ልጆች ሽፋሽፍታቸው ይርገበገባል፣ የእነዚህ ግን አይንቀሳቀስም። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ለማንም አልነገርኩም፤ ምን ብዬ እነግራለሁ።

በሚቀጥለው የማጠቢያ ቀን ሙሉቀን የሚባል ትንሽ ልጅ በርሜሉ አጠገብ ሲደርስ ጮኸ። ሲታገል ጭቃው አንሸራተተው፤ ወደ እሳቱ ሲወድቅ እትዬ ብርነሽ ክንዱን ቀለብ አድርገው ያዙት። አይቻለሁ፣ ባይዙት ፊቱ ይቃጠል ነበር። በማግስቱ ክንዱ ላይ የጣት ምልክት ወጣ። ኃላፊያችን ከጎንደር አዲስ የተላከ፣ ጥፋት እንዳይገኝበት የሚፈራ ወጣት ነው፤ ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቷል። ልጁን ከፊቱ አቁሞ ማን እንዲህ አደረገህ አለው።

«ሴትዮዋ» አለ ሙሉቀን። «ወደ ውሃው ይዛን ትወርዳለች።»

የትኛዋ ሴትዮ ሲለው ልጁ ስም አላወጣም። ኃላፊው ጠበቀና፣ «ብርነሽ ናት?» አለው። ልጁ የኃላፊውን ፊት አየ፣ ራሱንም በአዎንታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ እዚያው ቆሜ ነበር። ኃላፊው ሌሎቹን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ፣ ብርነሽ ወደ ውሃ ታስገባችኋለች አይደል ብሎ ሲጠይቃቸው ሁሉም ባንድ አፍ አዎ አሉ። በየሳምንቱ የሚያጥቧቸው እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ምን ይበሉ።

ከዚያ የሆነው እንደ ሕልም ነው። እትዬ ብርነሽን ከልጆቹ ፊት አቁመው ቁልፋቸውን ተቀበሏቸው፣ ጋወናቸውንም አስወለቋቸው። ከጋወኑ ሥር የለበሷት ቀሚስ ብብቷ ተቀድዶ ነበር፣ በእጃቸው ሸፈኑት። «ምን አድርገሻል እንደምትሉኝ ንገሩኝና ልመልስ» አሉ። ኃላፊው ልጆቹ ተናግረዋል፣ አለቀ አላቸው። አብዮት ጠባቂው እየነዳ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሲወስዳቸው ልጆቹ አላለቀሱም፣ አልተንጫጩም፤ ከኋላቸው አዩ ብቻ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሕፃን በበርሜል ታፍናለች፣ ከዚህ በፊትም የሞቱት በእጇ ነው ተባለ፤ የሞቱት በኩፍኝ መሆኑን ገናዡም፣ ቀባሪውም፣ አውሪውም ያውቃል። የእትዬ ብርነሽ ሴት ልጆች ቦኖ ውሃ ሊቀዱ ቢሰለፉ ሰው እንስራቸውን አንስቶ ከሰልፍ አወጣባቸው።

እኔ በእሳቸው ክፍል ተተካሁ። ሹክሹክታው ግን አልቀረም። እንዲያውም በቀን ብርሃን፣ ሲጫወቱ ይሉት ጀመር፤ ክብ ሠርተው፣ አንዱ ሌላውን አንገቱን በቀስታ ወደ መሬት እየጫነ፣ በዚያው በደከመ ድምፅ። ሙሉቀንን ለብቻው ይዤ እትዬ ብርነሽ እኮ ሄደዋል፣ አሁን ማንን ትፈራለህ አልኩት። «ትላንትም መጣች» አለኝ። ማን ናት ስለው፣ ሴትዮዋ አለኝ። እትዬ ብርነሽ ያን ጊዜ በተቆለፈ ቤት፣ ጠባቂ በሩ ላይ ተቀምጦባቸው ነበሩ። ቀና ስል ሌሎቹ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ያዩኛል። ፊቴን አልነበረም የሚያዩት፤ እጄን ነው። ከመካከላቸው አንዷ ጣቷን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «እቻት» አለች።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ እጅጋየሁ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበርም፣ ከቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ዳኞች አንዷም ነበሩ። በቀሚሳቸው ላይ ካኪ ኮት ይደርባሉ፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ስብሰባ የቀረች ሴት ያን ፊሽካ በር ላይ ስትሰማ ልቧ ይወርዳል። ይባስ ብሎ ከእትዬ ብርነሽ ጋር አጥር ይዋሰናሉ፣ በአጥሩም ተጣልተው ለዓመታት ሰላምታ የላቸውም። ሌላ የምሄድበት ግን አልነበረኝም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ክንዱን ለምን እንደያዙት፣ የእትዬ ብርነሽን ስም መጀመሪያ የጠራው ልጁ ሳይሆን ኃላፊው መሆኑን፣ አሁን ደግሞ እኔን እንደሚጠቁሙ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ብርነሽን አልወዳትም» አሉኝ። «ነገ ብትፈታም ሰላም አልላትም። ይኼ ግን የመውደድ ነገር አይደለም። ምን አጠፋሽ እንኳ ያልተባለች ሴት እንዴት ትታሰራለች?»

ተነሡና ኮታቸውን ደረቡ። እኔም ተከትዬ ቀበሌ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ያደረጉትን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ነገሩ እስኪጣራ ብርነሽ ልጆቿ ዘንድ ሆና ትጠብቃለች ብለው አስፈቷቸው። የእህል ድርሻቸው እንዳይቋረጥ ለሱቁ ተናገሩ። ኃላፊው ተጠርቶ ሲመጣ፣ የሕፃናቱን ደኅንነት ነው የማስበው፣ እርስዎ ለአጥፊ ይቆማሉ ወይ አላቸው። ወይዘሮ እጅጋየሁ አልተቆጡም። አጥፊ መሆኗን ገና አላወቅንም፣ ከሆነች እኔ ራሴ እፈርድባታለሁ፤ ካልሆነች ግን አንተ የተሳሳተ ሰው አስረህ ልጆቹን ያንገላታውን ነገር እዚያው ከእነሱ ጋር ዘግተህበታል አሉት። ይኼን ሲሉ ወጣቱ ኃላፊ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ በዚህ በኩል አላሰበውም ነበር።

ልጆቹ የተጠየቁት በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ከግድግዳው ሦስት ጢማም ፈረንጆች ቁልቁል ያዩናል። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ወንበሮቹ መካከል ተንጣሏል፣ በቀትር ፋኖስ አብርተናል። እትዬ ብርነሽ ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ምረጪ ሲባሉ እኔን መረጡ። ልጆቹ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት፣ ስም የሚጠራላቸው የለም፣ የሚቆጣም የሚያባብልም የለም። ወይዘሮ እጅጋየሁ ፊሽካቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ከወንበር ወርደው መሬት ላይ፣ ከልጆቹ እኩል ተቀመጡ።

ሙሉቀን ገባ። ሴትዮዋ ምን ለብሳለች ሲሉት፣ «ባና» አለ፤ ያ የጋይንት ሰው ለብርድ የሚደርበው ወፍራም የሱፍ ልብስ። ውሃው የት ነው ሲሉት፣ ወንዝ፣ ድንጋዩ ነጭ ነው አለ። ሙሉቀን ወደ እኛ የመጣው በመኪና ተሸፍኖ ነው፤ ወንዝ አያውቅም። ምን ትልሃለች አሉት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዚያ ድምፅ፣ «ዝም በይ፣ ከእንግዲህ አይርብሽም» አለ።

«አንተን ‘በይ’ ትልሃለች?» አሉት ወይዘሮ እጅጋየሁ።

ልጁ ዓይኑን ገልጦ ግራ ገባው። ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም በሴት አንቀጽ እንደሚሉት ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ቀጥሎ የገባውም ወንድ ልጅ «በይ» አለ። ሌላው፣ ሴትዮዋ ታናሼን አስቀደመችው አለ፤ ታናሽ የለውም። የሚቀጥለውም ታናሼን አስቀደመችው አለ። ሦስተኛው ሲደግመው እትዬ ብርነሽ አጠገቤ እጄን ይዘው ጨበጡኝ። ሁላችንም ገብቶናል። አንዲት ሴት ነበረች፣ አንድ ወንዝም ነበረ። ልጆቹ አልዋሹም፤ የሌላ ልጅ ነገር ነው በሁሉም አፍ የሚነገረው።

በመጨረሻ ተገኘች፣ ያች ከርብ ዳር የመጣችው፣ ገባች። ወይዘሮ እጅጋየሁ ብዙ አልጠየቋትም፤ ታናሽየው የማን ነው አሏት ብቻ።

«የኔ» አለች።

ለትልቅ ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ከዚያ ቀስ እያለች ሁሉንም ተናገረች። እናቷ እንደምን ተርባ እንደወረደች፣ ከወንዙ ዳር እንደምን ብዙ ተቀምጣ እንደቆየች፣ ትንሹን ይዛ እንደገባችና ለእሷም ተመልሳ እንደመጣች፣ በባናዋም እንደጠቀለለቻት። ውሃው ውስጥ ሳሉ የእናቷ እጅ ለቀቃት። ነገሩ ራሱ እንዳልለቀቃት ግን ያወቅነው እኛ ነን፤ ለወራት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለአልጋ ጎረቤቶቿ ስታወራው ኖራለች፣ እነሱም የየራሳቸውን እናት ያጡ ናቸውና ወርሰውታል። ወይዘሮ እጅጋየሁ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ኮታቸውን አውልቀው አለበሷት። እንባቸውን አላየሁም፤ ለመነሣት ግን እጄን መያዝ ነበረባቸው።

ኃላፊው ነገሩ በዝምታ ይለቅ አለ። ወይዘሮ እጅጋየሁ እምቢ አሉ። ስሟን ከሰው ፊት አጥፍተህ ከሰው ጀርባ አትመልስም አሉት። በገበያ ቀን፣ እህል ተራው በሞላበት ሰዓት፣ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ብርነሽ ከተባለችው ሁሉ ንጹሕ ናት ብሎ በራሱ አንደበት ተናገረ። ነፋስ ስለነበር ግማሹ ሰው ሰማ፣ ግማሹ አልሰማም። ከሰሙትም ውስጥ ልጃቸውን ወደ ነጠላቸው የሚሰበስቡ አልጠፉም፤ እስከ መጨረሻው አልጠፉም። ከዚያ በኋላ በግቢያችን ልጅ ሲታጠብ ሁለት ሞግዚት አብሮ ይቆማል፣ በልጅ ላይ ነገር ከተሰማም ልጁም ሞግዚቷም ለየብቻ ይሰማሉ ተባለ። ዛሬ ልጄ ለልጇ ሞግዚት ስትቀጥር ከግድግዳው ካሜራ ሰቅላለች፤ አልፈርድባትም፣ እኔም እናት ነኝ። ብቻ ሞግዚቷ ልጅቷን ስታነሣ እጇን ወደ ካሜራው ገልጣ ስታሳይ አየኋት። እትዬ ብርነሽ እንዲያ ሆነው ነበር የቀሩት፤ ልጅ ከመንካታቸው በፊት ልይዝህ ነው ብለው ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ከያዙም በኋላ መዳፋቸውን ገልጠው ለቆመው ሰው ያሳያሉ። ያሳዩ ያላቸው የለም።

ጦርነቱ ሲቀርብ ማሳደጊያው ተበተነ። እትዬ ብርነሽ ተገኘችን ከልጆቻቸው ጋር ይዘው አንበሳሜ ወረዱ፣ እዚያው አርጅተው እዚያው አረፉ። ወይዘሮ እጅጋየሁ እንዳሉት እስከ መጨረሻው ሰላም አላሏቸውም፤ ሲሄዱ ግን የአጥሩን በር ከፍተው ቆመው ሸኟቸው። ተገኘች ዛሬ ሐሙሲት እህል ትነግዳለች፤ ልጆች ወልዳለች፣ ስታገኘኝ ጉንጬን ስማ ከጠገበች በኋላ ነው የምትናገረው።

እትዬ ብርነሽ ሥራ የተመለሱበትን የማጠቢያ ቀን ግን ከተገኘችም ጋር አውርተነው አናውቅም። ጠዋት ነው፤ ጉሙ የግቢውን አጥር ውጦታል። ውሃው ሞቋል፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ ማንም ወደ በርሜሉ አይራመድም። እትዬ ብርነሽ ጋወናቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ገልጠው ቆመዋል፤ ነዪም ናም አይሉም። ብዙ ከቆየን በኋላ ተገኘች ከሰልፉ ወጣች። ሄዳ መዳፋቸውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «አንቺ አይደለሽም» አለቻቸው። እሳቸውም ልይዝሽ ነው ብለው አነሧት፣ ውሃው ውስጥም አቆሟት። ራሷ ላይ ማፍሰስ ሲጀምሩ ልጅቱ በትከሻቸው አሻግራ ወደ ግቢው በር አየች።

«መጥታለች» አለች። «እናቴ። እደጅ ቆማለች።»

ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ጉም ነው፣ የእንጨት በር ነው፣ ከበሩ ወዲያም ጉም ነው። እትዬ ብርነሽ ግን ዞረው አላዩም። ጣሳውን ሞልተው ቀስ አድርገው በልጅቱ ትከሻ ላይ አፈሰሱ።

«ብርድ ነው» አሏት። «ግቢ በያት።»

ለበሩ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። ሄጄ መወርወሪያውን ሳብኩና ከፈትኩት፤ ሰው እስኪያልፍ ያህል ይዤው ቆየሁና መልሼ ዘጋሁት።